የማይሞላው ጉድጓድ፦ በመቱና በኢሉባቦር ከተሞች ስለ ቤት ፍሳሽ ታንክ አሠራርና አያያዝ

ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት በሚዘጋጅ ጽሑፍ ስለ ቡና ችግኝ፣ ስለ በቆሎ ዘር ወይም ስለ አፈር አሲዳማነት መነጋገር የተለመደ ነው። ስለ ሽንት ቤት ፍሳሽ ሲሆን ግን አንባቢው «ይህ የጤና ባለሙያና የማዘጋጃ ቤት ጉዳይ አይደለምን?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። መልሱ አጭር ነው። ከቤት የሚወጣው ፍሳሽ የሚጣራው በዋናነት በታንኩ ውስጥ ሳይሆን በአፈር ውስጥ ነው። አፈሩ ምን ያህል ውኃ እንደሚጠጣ፣ በየትኛው ወር እንደሚጠግብ፣ ከሥሩ ያለው ውኃ ወዴት እንደሚወርድ ማወቅ ደግሞ የእኛ ሙያ ነው። ከዚህም በላይ ከከተማው በታች በረግረጉ ዳር በቆሎና ጎመን የሚዘራው፣ ከምንጩም ቀድቶ የሚጠጣው የማኅበራችን አባል ነው።

የኢሉባቦር ከተሞች አቀማመጥ እንደሚታወቀው በኮረብታ ጀርባና በተዳፋት ላይ ነው። መቱ ከባሕር ጠለል በላይ 1600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በሶር ወንዝ አጠገብ ተቀምጣለች። ጎሬ ከዚያ ከፍ ያለች ስትሆን በአገራችን ዝናብ በብዛት ከሚጥልባቸው ቦታዎች አንዷ ናት፤ በዓመት 2000 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ዝናብ ታገኛለች። ቡሬም፣ ሁሩሙም፣ ያዮም፣ ዛሬ በቡኖ በደሌ ዞን ሥር ያለችው በደሌም ቢሆኑ አቀማመጣቸው ከዚህ ብዙ አይለይም። ቤቱ ከላይ፣ ቡናውና ጓሮው በመካከል፣ ጨፌ የሚታጨድበት ረግረግ ከታች ነው። ኮረብታው የጠጣው ዝናብ በረግረጉ ዳርና ዳር ምንጭ ሆኖ ይወጣል። የቧንቧ ውኃ ሲቋረጥ ጀሪካን ተይዞ የሚኬደውም ወደነዚሁ ምንጮች ነው። የገጠሩ ሕዝብማ ከጥንትም የሚጠጣው ከዚያ ነው።

ቤቶቹ በቁጥር አነስተኛ በነበሩበትና ሁሉም በደረቅ ጉድጓድ ሽንት ቤት በሚገለገልበት ዘመን ይህ አቀማመጥ እምብዛም አላስቸገረም። ነገሩ የተለወጠው የቧንቧ ውኃ ወደ ግቢና ወደ ቤት ውስጥ ሲገባ ነው። መቱ ዩኒቨርሲቲ በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ከተከፈተ ወዲህ በመቱ ግቢውን እየከፋፈለ ለተከራይ ክፍል የሚሠራው ሰው በዛ። አንድ ቤተሰብ ይኖርበት በነበረው ቦታ ዛሬ ሃያና ከዚያ በላይ ሰው ይኖራል፤ ባለቤቱም ውኃ የሚለቀቅበት መቀመጫ ያለው ሽንት ቤት አስገብቶ ኪራይ ይጨምራል። ፍሳሹ ወዴት እንደሚሄድ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ «ሴፍቲ ታንከር አለው» ይባላል።

ይህ ስም ራሱ አሳሳች ነው። ሴፕቲክ ታንክ ተብሎ ከውጭ የመጣው ቃል በእኛ አፍ ሴፍቲ ሆኖ «ከአደጋ የራቀ» ማለት መስሏል። ብዙውን ጊዜ ግን በዚህ ስም የሚጠራው ነገር ታንክ አይደለም። ስድስት፣ ስምንት፣ አንዳንዴም አሥር ሜትር ተቆፍሮ፣ ከላይ ጥቂት ሜትር በድንጋይ ተገንብቶ፣ ወለሉና የታችኛው ጎኑ ባዶ አፈር ሆኖ የተተወ፣ በላዩም ሶሌታ የተጣለበት ጉድጓድ ነው። ቆፋሪው በጥልቀቱ ይኮራል፤ ባለቤቱም «ሃያ ዓመት አይሞላም» እያለ ያወድሰዋል።

እኔ የማይሞላ ጉድጓድ ከሚሞላው ይበልጥ ያስፈራኛል። በየቀኑ ብዙ መቶ ሊትር ፍሳሽ እየገባበት የማይሞላ ጉድጓድ ፍሳሹን ወደ አንድ ቦታ እየላከ ነው። በኢሉባቦር ኮረብታ ላይ ያ ቦታ ከታች ያለው ምንጭ ነው። የሞላ ጉድጓድ ይሸታል፣ ያስጨንቃል፣ ባለቤቱ መፍትሔ እንዲፈልግ ያስገድደዋል። የማይሞላው ግን ጉዳቱን በሌላ ሰው ጀሪካን ውስጥ ስለሚጥለው ለዓመታት ሳይታወቅ ይኖራል።

እውነተኛው ሴፕቲክ ታንክ ምን እንደሆነ ባጭሩ እንመልከት። ነገሩ አዲስ አይደለም። ዣን ሉዊ ሙራ የተባለ ፈረንሳዊ በ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ የሠራው ዝግ የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ከዓመታት በኋላ ሲከፈት ከተጠበቀው በጣም ያነሰ ደረቅ ነገር ተገኘበት፤ በ1881 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አወጣበት። በ1895 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዶናልድ ካሜሮን በእንግሊዝ አገር በኤክሰተር ከተማ አሻሽሎ ዛሬ የሚጠራበትን ስም ሰጠው። መሠረተ ሐሳቡ ከዚያ ወዲህ አልተለወጠም። ውኃ በማያሳልፍ ገንዳ ውስጥ ፍሳሹ ቢያንስ ለአንድ ቀን ተረጋግቶ ይቆያል። ከባዱ ነገር ወደ ታች ሰጥሞ ዝቃጭ ይሆናል፤ ቅባቱና ቀላሉ ነገር ወደ ላይ ተንሳፎ ሠፈፍ ይሠራል። አየር የማይፈልጉ ረቂቅ ሕዋሳት ዝቃጩን እያብላሉ ይቀንሱታል። ከመካከል ያለው ውኃ ወጥቶ ጥልቀት በሌለው የማስረጊያ ቦይ ወደ አፈር ይገባል። ከታንኩ የሚወጣው ውኃ ጥርት ያለ ቢመስልም ንጹሕ አይደለም፤ በሽታ አምጪ ሕዋሳትን በብዛት ይዟል። ማጽዳቱ የአፈሩ ሥራ ነው።

በዚህ ረገድ ተፈጥሮ ለኢሉባቦር ቸር ናት። በተዳፋቱ ላይ ያለው ቀይ አፈር ጥልቅ ነው፤ ሸክላነቱ ከፍ ያለ ቢሆንም በደንብ የተቋጠረና የሚተነፍስ ስለሆነ ውኃ ያሳልፋል። የሸክላው ቅንጣቶች ሕዋሳቱን ይይዛሉ፤ ብረትና አልሙኒየም ስለሚበዛበትም ፎስፈረሱን አጥብቆ ያስቀራል። ይኸው ባሕርይ ለበቆሎ የሰጠነውን ማዳበሪያ እየነጠቀ የሚያማርረን ቢሆንም እዚህ ላይ ይጠቅማል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን አፈሩ አየር ሲኖረውና ውኃው ቀስ ብሎ ሲወርድ ብቻ ነው። ሕይወት ያለበት፣ ሥርና ትል የሚመላለስበት የላይኛው አንድና ሁለት ሜትር ነው ዋናው ማጣሪያ። ስምንት ሜትር ወርዶ ፍሳሽ የሚያፈስ ሰው ማጣሪያውን ዘሎ በክረምት ከፍ ከሚለው የከርሰ ምድር ውኃ ጋር በቀጥታ ያገናኘዋል። ናይትሬት ደግሞ ቀይ አፈርም ቢሆን ብዙ አያስቀረውም፤ የሚይዘው የተክል ሥር ብቻ ነው፤ ሥሩም ያለው ከላይ ነው።

እንግዲህ ወደ መጠኑ እንምጣ። የታንክ መጠን የሚወሰነው በክፍሎች ብዛት ሳይሆን በሰው ብዛት፣ በውኃ አጠቃቀምና ታንኩ በስንት ዓመት አንዴ እንደሚመጠጥ ነው። ለዕለቱ ፍሳሽ የአንድ ቀን ቦታ፣ ለዝቃጭ ደግሞ የሽንት ቤትና የእጥበት ውኃ አብሮ የሚገባበት ከሆነ ለአንድ ሰው በዓመት 40 ሊትር፣ የሽንት ቤት ብቻ ከሆነ 25 ሊትር ይያዛል። ስድስት ሰዎች ያሉበት ቤተሰብ እያንዳንዱ በቀን 60 ሊትር ፍሳሽ ቢያወጣ የዕለቱ 360 ሊትር ነው። በአምስት ዓመት አንዴ ለማስመጠጥ ቢታሰብ ዝቃጩ 6 በ40 በ5፣ ማለትም 1200 ሊትር ይሆናል። ድምሩ 1560 ሊትር ነው፤ እኔ 2000 ሊትር ወይም 2 ሜትር ኩብ እንዲሆን እመክራለሁ። ይህም ወርዱ 80 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 2 ሜትር ከ10፣ የውኃው ጥልቀት 1 ሜትር ከ20 የሆነ ገንዳ ማለት ነው። ከውኃው በላይ 30 ሴንቲ ሜትር ለአየርና ለሠፈፍ ይተዋል። አሥር ሜትር መቆፈር የለመደ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። ይሁን እንጂ ለአንድ ቤተሰብ የሚበቃው ይኸው ነው።

የሚያስቸግረው ታንኩ አይደለም። ከታንኩ የሚወጣው ውኃ የሚሰርግበት መሬት ነው። እንደ እኛ ቀይ ሸክላ ላለ አፈር በክረምትም እንዲያስተማምን አንድ ካሬ ሜትር የቦይ ግድግዳ በቀን ከ10 ሊትር በላይ እንደማይጠጣ ቆጥሮ መነሣት ይገባል። ከቱቦው በታች 60 ሴንቲ ሜትር ጠጠር የተሞላበት ቦይ በሁለቱ ጎኖቹ በአንድ ሜትር ርዝመት 1.2 ካሬ ሜትር ግድግዳ አለው። ስለዚህ ለ360 ሊትር 30 ሜትር ቦይ ያስፈልጋል። በቦዮቹ መካከል 2 ሜትር ያህል ሲተው 60 ካሬ ሜትር ቦታ ይይዛል። በደህና ግቢ ይህ ይቻላል።

አሁን ባለቤቱና ተከራዮቹ ተደምረው 24 ሰዎች ያሉበትን ግቢ እናስብ። ተከራይ ውኃ ስለሚቆጥብ ለሰው 40 ሊትር ብቻ ብንይዝ እንኳ በቀን 960 ሊትር ፍሳሽ ይወጣል። ታንኩ በሦስት ዓመት አንዴ ቢመጠጥ ወደ 4 ሜትር ኩብ ይጠጋል፤ ይህን መሥራት ቀላል ነው። ቦዩ ግን 80 ሜትር፣ ቦታው 160 ካሬ ሜትር ይሆናል። የግቢው ጠቅላላ ስፋት 200 ካሬ ሜትር ከሆነ ቤቱ የት ሊቆም ነው? ጥልቁ ጉድጓድ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ባለቤቱ ወደ ጎን ቦታ ሲያጣ ወደ ታች ይሄዳል። ሂሳቡን ሠርቶ ያሳየው ሰው ስለሌለ ጥፋቱን የእርሱ ብቻ አድርጎ መውቀስ ተገቢ አይመስለኝም።

የእኔ አስተያየት ይህ ነው። ቦታው ሲጠብ መቀነስ ያለበት ውኃው ነው። ውኃ ከታንከር የሚለቀቅበት መቀመጫ በአንድ ጊዜ እስከ 9 ሊትርና ከዚያም በላይ ያፈሳል። በጆግ ውኃ የሚደፋበት፣ አንገቱ ውኃ ይዞ ሽታን የሚከለክል የቁጢጥ ሽንት ቤት ግን በ2 ወይም በ3 ሊትር ይጠራል። ለ24ቱ ሰዎች ይህን ዓይነት ሽንት ቤት ሠርተን የልብስና የዕቃ ማጠቢያውን ውኃ ለብቻ ብንለየው ወደ ታንኩ የሚገባው ለሰው በቀን 15 ሊትር፣ በጠቅላላው 360 ሊትር ይሆናል። ይህ የአንዱ ቤተሰብ ልክ ነው፤ ቦዩም ከ80 ሜትር ወደ 30 ይወርዳል፤ ታንኩም በሦስት ዓመት ሂሳብ 2.2 ሜትር ኩብ ገደማ ይበቃዋል። በሲሚንቶና በፌሮ የሚተርፈው ገንዘብም ቀላል አይደለም። «ተከራይ ተቀምጦ የሚገለገልበትን ይፈልጋል» የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው። ነገር ግን ምንጩ የተበላሸበት ከተማ ለተከራይም አይመችም።

የተለየው የእጥበት ውኃ የእኛው የሙያ ድርሻ ነው። ሳሙናና ቅባት ያለበት ይሁን እንጂ ከሽንት ቤቱ ጋር ሲነጻጸር የበሽታ ጭነቱ በጣም ያነሰ ነው። ስፋቱ ሁለት ሜትር፣ ጥልቀቱ ከ60 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ ጉድጓድ ተቆፍሮ ቅጠላ ቅጠልና የቡና ገለባ ይሞላል፤ ዙሪያውን ሙዝ፣ በሙዙ መካከል ጎደሬ ይተከላል። ሙዝ በቅጠሉ ብዙ ውኃ ይተነፍሳል፤ ጎደሬ እርጥበት ይወዳል። ለትልቅ ግቢ አንዱ ስለማይበቃ ሦስት ወይም አራት አዘጋጅቶ ውኃውን እያፈራረቁ መልቀቅ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ሙዙ ብዙ እንደማይጠጣ አውቆ ትርፉ በሣር ላይ ተበትኖ የሚሰርግበትን ቦታ ማሰብ ያስፈልጋል። ምግብ ቤት ያለው ደግሞ ውኃው ወደ ጉድጓዱ ከመድረሱ በፊት ቅባት የሚያስቀር ትንሽ ሳጥን ይሥራ። ጎደሬው ተቀቅሎ ስለሚበላ አያሳስብም፤ ሰላጣና ጥሬውን የሚበላ ማናቸውም አትክልት ግን እዚያ አይተከልም።

የቦታ አመራረጥን በሚመለከት ከውኃ ጉድጓድና ከምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ የተለመደ ልክ ነው። በተዳፋት ላይ ምንጩ ከቤቱ በቀጥታ በታች ከሆነ ግን 30 ሜትርን እንደ መጨረሻ ሳይሆን እንደ መጀመሪያ መቁጠር ይሻላል። የቦዩ ወለል በክረምት ከፍ ከሚለው የከርሰ ምድር ውኃ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል በላይ መሆን አለበት። ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ በነሐሴ ወር ሁለት ሜትር ተኩል ቆፍሮ በማግሥቱ ማየት ይበቃል። ውኃ አቁሮ ከተገኘ፣ ወይም አፈሩ ቀይነቱን ትቶ ግራጫና ዝገት መሰል ነጠብጣብ ካሳየ ያ ቦታ በየክረምቱ ውኃ ይይዛል። በረግረጉ ዳር ባለው ጥቁርና ግራጫ አፈር ላይ የማስረጊያ ቦይ ፈጽሞ አይሠራም። ቦዩም ዳገቱን ተከትሎ ወደ ታች ሳይሆን አግድም፣ እንደ እርከን በደረጃ መስመር ይወጣል። የአፈር ጥበቃ እርከን ቀይሶ የሚያውቅ የልማት ሠራተኛ ይህን ከማንም ግንበኛ በተሻለ ይሠራዋል።

ስለ ግንባታው ጥቂት ነገር ብቻ ልበል። ታንኩ ወለል ይኑረው፤ ድንጋይም ሆነ ብሎኬት ከውስጥ በሁለት ዙር በደንብ ይለሰን። በሁለት ክፍል ይከፈል፤ የመጀመሪያው የርዝመቱን ሁለት ሦስተኛ ይያዝ፤ በመካከለኛው ግድግዳ ላይ ያለው ቀዳዳ ከውኃው ግማሽ ጥልቀት ላይ ይሁን። መግቢያው ከመውጫው 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። በመግቢያውም በመውጫውም ላይ የቲ ቅርጽ ያለው መገጣጠሚያ ይግባ፤ የመውጫው እግር 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውኃው ካልጠለቀ ሠፈፉ ወደ ቦዩ ወጥቶ በአጭር ጊዜ ይደፍነዋል። አንድ ቱቦ ለአየር ወደ ላይ ይውጣ። ሥራው ሲያልቅ ታንኩን ውኃ ሞልቶ አንድ ቀን ማቆየትና ልስኑ የሚጠጣውን ጠጥቶ ሲያበቃ እንደገና ሞልቶ በማግሥቱ መጉደል አለመጉደሉን ማየት ነው። ከጎደለ ታንክ አይደለም። ቦዩን በዝናብ ቀን መቆፈር አይገባም፤ እርጥብ ሸክላ በአካፋ ሲላግ ግድግዳው እንደ ጀበና ይለሰልስና ውኃ አይጠጣም። በደረቅ ጊዜም ቢሆን ጠጠር ከመጨመሩ በፊት ግድግዳውን በመንቆሪያ መቧጨር ጥሩ ነው። የጣሪያና የግቢ ዝናብ ውኃ በምንም መንገድ ወደ ታንኩም ሆነ ወደ ቦዩ እንዳይገባ። 50 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ በጣለበት ቀን 2000 ሊትር ያወርዳል፤ ይህም የታንኩን ሙሉ ይዞታ በአንድ ቀን ጠርጎ ያስወጣል ማለት ነው።

ፈቃድን በተመለከተ ሕግ አጣን ለማለት አይቻልም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የሕዝብ ጤና አዋጅ ቁጥር 200 ማንም ሰው ደረቅም ሆነ ፈሳሽ ቆሻሻን አካባቢን በሚበክልና ጤናን በሚጎዳ አኳኋን እንዳያስወግድ ከልክሎ ነበር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደግሞ ግንባታ በፕላንና በፈቃድ እንዲሆን፣ የሚቆጣጠረውም የሕንፃ ሹም እንዲሾም ደንግጎ ነበር። ጉድለቱ ያለው ሥራው በሚታይበት ሰዓት ላይ ነው። በወረቀት ላይ ያለው ፕላን አንድ ትንሽ አራት ማዕዘን ሥሎ «ሴፕቲክ ታንክ» የሚል ጽሕፈት አለበት። ተቆጣጣሪው ሲመጣ ሶሌታው ተጥሎ፣ አፈር ተመልሶ፣ በላዩም ሰድል ተነጥፏል። ከሥሩ ወለል ይኑር አይኑር ማን ያውቃል?

ስለዚህ በእኔ ግምት ማዘጋጃ ቤቶች አዲስ ሕግ ሳይጠብቁ ሦስት ነገር ቢያደርጉ ብዙ ይለወጣል። ማመልከቻው ላይ የክፍል ብዛት ሳይሆን በግቢው የሚኖረው ሰው ብዛት ይጠየቅ፤ ክፍል ሲጨመር ሂሳቡ እንደገና ይሠራ። ጉድጓዱ ከመከደኑ በፊት፣ ውኃ ተሞልቶ ባደረበት ማግሥት፣ አንድ ሰው መጥቶ ይየው፤ መሐንዲስ ከሌለ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና የልማት ሠራተኛው አብረው ሊያዩት ይችላሉ። ክዳኑም ከመሬት በላይ የሚታይና የሚነሣ ካልሆነ የመግቢያ ፈቃድ አይሰጥ። «ባለሙያ የለንም፣ መኪና የለንም» የሚለው ምክንያት ለዚህ አይሠራም፤ ሦስቱም በእግር ተሄዶ የሚፈጸሙ ናቸውና። ጥልቅ ጉድጓድ አስቀድሞ የሠራውን ሰው ግን በቅጣት ከማሳደድ ይልቅ በፊቱ ትንሽ ታንክና ቦይ እንዲጨምር ጊዜ መስጠት የተሻለ ነው። የሚቀጣ ሰው ይደብቃል፤ የተደበቀ ጉድጓድ ደግሞ አይታደስም።

ታንክ ተሠርቶ የሚረሳ ነገር አይደለም። በዓመት አንድ ጊዜ በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ እስከ ወለሉ መስደድና ማውጣት ነው፤ ጥቁሩ ምልክት የዝቃጩን ከፍታ ያሳያል። ዝቃጩና ሠፈፉ ተደምረው የጥልቀቱን አንድ ሦስተኛ ሲያልፉ የመጣጫው ጊዜ ደርሷል። ይህ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወራት ቢሆን መንገዱም ይመቻል፣ ከክረምቱ በፊትም ታንኩ ይዘጋጃል። ለደረቅ ሽንት ቤት የሚጠቅመው አመድ ለታንክ አይሆንም፤ ሰጥሞ ይሞላዋል። የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ ጨርቅ፣ የጠላና የቡና አተላም እንዲሁ። የቡና አተላ ቦታው ጓሮ ነው። በረኪናም ለወለል ማጠቢያ በትንሹ ካልሆነ በብዛት ሲደፋ ዝቃጩን የሚያብላሉትን ሕዋሳት ይገድላል።

ወደ ታንክ ውስጥ ሰው አይገባም። ይህን ደግሜ እጽፈዋለሁ፤ ታንክ ባዶ ቢመስልም ሰው አይገባበትም። ከዝቃጭ የሚወጣው ጋዝ ጥቂት ትንፋሽ በሳቡበት ቅጽበት ሰውን ይጥላል፤ የወደቀውን ለማውጣት ተከትሎ የገባውም አብሮ ይቀራል። በመጀመሪያ የሚሸት ቢሆንም ሲበዛ አፍንጫን ስለሚያደነዝዝ «ሽታው ጠፍቷል» ብሎ መተማመን አይቻልም። ክብሪትም አይጫርበትም። በባልዲና በገመድ ለማውጣት የቀን ሠራተኛ የሚቀጥር ሰው ይህን ሳያውቅ ነው የሚያደርገው፤ የማሳወቁ ግዴታ የእኛ ነው።

ጥልቁን ጉድጓድ የሚቃወም አንድ ሌላ ምክንያትም አለ። መጣጫ መኪና ፍሳሽን የሚስበው አየርን ባዶ አድርጎ ነው፤ በዚህ መንገድ በባሕር ጠለል ላይ እንኳ ውኃ ከ10 ሜትር ገደማ በላይ አይነሣም። በመቱ ከፍታ ደግሞ ከ8 ሜትር ተኩል አያልፍም፤ ወፍራም ዝቃጭ ሲሆን ከዚያም በጣም ያነሰ ነው። ስለዚህ አሥር ሜትር የተቆፈረው ጉድጓድ አንድ ቀን ሲደፈን ወለሉ ላይ ያለውን የሚያወጣለት መኪና የለም።

የተመጠጠው ዝቃጭ የት ይሂድ የሚለው ጥያቄ ለማኅበራት ቀርቧል ማለት ይቻላል። በወንዝና በጨፌ መድፋት የተሠራውን ሁሉ ማፍረስ ነው። በሌላ በኩል ቀይ አፈራችን የተራበው ፎስፈረስና ብስባሽ በዚህ ውስጥ አለ፤ የቡና መፈልፈያ ያለው ማኅበር ደግሞ ገለባና ልጣጭ የሚጥልበት አጥቶ ይቸገራል። ሁለቱን ከምንጭና ከመኖሪያ በራቀ፣ ጎርፍ በማይነካው ቦታ እያነባበሩ ከላይ ከዝናብ ከልሎ ማብላላት ይቻላል። አደገኛው ነገር የወስፋት እንቁላል ነው፤ ከባክቴሪያ ይልቅ ብዙ ጊዜ ይኖራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት ቀዝቀዝ ባለ አየር፣ ማለትም ከ20 ዲግሪ በታች፣ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ሳይነካ መቆየት አለበት። ለእኛ ደጋና ወይና ደጋ ሁለት ዓመት ብሎ መያዝ ነው። ክምሩ ውስጡ ከ50 ዲግሪ በላይ ከሳምንት በላይ ከሞቀ ጊዜው ያጥራል፤ ሆኖም ቴርሞ ሜትር ሳይኖር «ሞቋል» ማለት ግምት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላም ቢሆን ለባሕር ዛፍ፣ ለግራቪሊያና ለአዲስ የቡና ተከላ ጉድጓድ ከአፈር ጋር ተቀላቅሎ ይቀበራል እንጂ ፍሬ በሚሰጥ ቡና ሥር አይበተንም። በአገራችን የወደቀ ቡና ከመሬት ስለሚለቀም ያ ንክኪ ለጤናም ለገበያም አይበጅም። ለጎመንና ለካሮት በፍጹም አይሰጥም።

ለአንድ ቤት መጣጫ መኪና ከሩቅ ማስመጣት ውድ ነው። በአንድ ሰፈር ያሉ አሥርና አሥራ አምስት አባሎች ታንካቸውን በአንድ ሳምንት ለማስመጠጥ ቢስማሙና ወጪውን በየወሩ ትንሽ ትንሽ እያዋጡ ቢያጠራቅሙ ግን ይቻላል። ቁጠባና ብድር ማኅበራት ለጣሪያ ቆርቆሮ እንደሚያበድሩት ሁሉ ለታንክና ለቦይም ቢያበድሩ አግባብ ነው። በብድሩ ውል ላይ ታንኩ ከመከደኑ በፊት እንዲታይ የሚል አንድ መስመር መጨመርም ማዘጋጃ ቤቱ ያልደረሰበትን ቁጥጥር ያስገኛል። የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት፣ መጋዘንና የቡና መፈልፈያ ጣቢያ ሽንት ቤት ደግሞ ከሌላው ቀድሞ መስተካከል ይኖርበታል፤ በመከር ወራት በአንድ ጣቢያ የሚሰበሰበው ሠራተኛ ከአንድ የኪራይ ግቢ ይበልጣልና።

የልማት ሠራተኞች በመጪው ክረምት፣ ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ባለው ጊዜ፣ በየጣቢያቸው ጥቂት ቦታዎች ላይ የአፈር መጠጣት ሙከራ ቢያደርጉ ለሁሉም የሚጠቅም መረጃ ይገኛል። ወርዱ 30፣ ጥልቀቱ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ተቆፍሮ ግድግዳው ይቧጨራል፤ ከታች ሁለት ጣት ጠጠር ይደረጋል። ማታውን ውኃ ተሞልቶ ያድራል። በማግሥቱ 15 ሴንቲ ሜትር ውኃ ተጨምሮ በ30 ደቂቃ ውስጥ ስንት እንደወረደ በማስመሪያ ይለካል፤ ይህ ልኬት ሦስት ጊዜ ይደገምና የመጨረሻው ይያዛል። ከአንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያነሰ የወረደበት ቦታ የማስረጊያ ቦይ አይሆንበትም፤ እዚያ ላይ ደረቅ ሽንት ቤት ወይም ከመሬት ከፍ ብሎ የሚሠራ ሽንት ቤት ይመከራል። ውጤቱ ከቀኑ፣ ከቦታው አቀማመጥና ከታች ካለው ምንጭ ርቀት ጋር ተጽፎ አንዱ ቅጂ ለቀበሌው፣ አንዱ ለማዘጋጃ ቤቱ፣ አንዱ ለማኅበሩ ይሰጥ።